ፊርማ ለመፈረም አራት ቀን

እሑድ ማታ ነው። ልጆቹ ተኝተዋል፤ ውጭው ዝናብ ነው።

ወረቀቱ ከረቡዕ ጀምሮ ማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፏል። ወተት ላወጣ በሄድኩ ቁጥር ዓይን ለዓይን እንጋጠማለን። ያመጡት ጎረቤቴ ሴትዮ ናቸው፤ ሰባዎቹን ያጋመሱ፣ ክረምት ከበጋ አንድ አረንጓዴ ካፖርት የማይለያቸው። የሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት በሳምንት ከአምስት ቀን ወደ ሁለት ቀን ሊቀነስ ነው፤ የአካባቢው ምክር ቤት ገንዘብ የለኝም ብሏል። እሳቸው ደግሞ ከቤት ቤት እየዞሩ ፊርማ ያሰባስባሉ። በሩን ስከፍትላቸው ቅጹንና እስክሪብቶውን አንድ ላይ ዘረጉልኝ። ስም፣ አድራሻ፣ ፊርማ። እጄ ወደ እስክሪብቶው ሄደ ሄደና መንገድ ላይ ቀረ። «አንብቤ ነገ ላምጣልዎት?» አልኳቸው። አንድ አንቀጽ እኮ ነው። ምኑ ይነበባል? ምንም ሳይሉ ከቦርሳቸው አዲስ ባዶ ቅጽ አውጥተው ሰጡኝና ወደ ቀጣዩ በር አመሩ። ጭራሽ የገጹ የመጀመሪያ ስም የእኔ ሊሆን ነው።

ለንደን ከገባሁ 14 ዓመት ሆኖኛል። ዜግነት አለኝ፤ ግብር እከፍላለሁ፤ ምርጫ በመጣ ቁጥር ድምፅ እሰጣለሁ። ታዲያ ለቤተ መጻሕፍት መፈረም ምኑ ያስፈራል? ውስጤን ስበረብር የአባቴን ድምፅ አገኘሁት። አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ፤ ሦስት መንግሥት አሳልፈዋል፤ ለሦስቱም የነበራቸው ምክር አንድ ነው፦ ስምህን ወረቀት ላይ አታኑር። ማሰሪያውም ሁልጊዜ ያው ነበር፤ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።

ይህን ተረት ይዞ ለመጣ ሰው ለንደን ግራ የምታጋባ ከተማ ናት። የምሠራበት ሆቴል ከትራፋልጋር አደባባይ ብዙ አይርቅም። የሌሊት ተራዬን ጨርሼ አውቶቡስ ስጠብቅ ከፊቴ በፈረስ የተቀመጠ የነሐስ ሐውልት ይታያል። ማን እንደሆነ ሳልጠይቅ ዓመታት አለፉ። የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ ነው። ፊቱ ወደ ኋይትሆል ዞሯል፤ አንገቱ የተቆረጠበትን መንገድ ነው ሌት ተቀን የሚያየው። በጥር 1649 (ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ዌስትሚኒስተር አዳራሽ ውስጥ ዳኞች ተሰየሙለት፣ ክስ ተነበበለት፣ ተፈረደበት። ጠዋቱ ብርድ ስለነበረ፣ ስንቀጠቀጥ ካዩኝ ፈራ ይሉኛል ብሎ ሁለት ሸሚዝ ደርቦ እንደ ወጣ ይነገራል። ንጋት ላይ ጥርሴ ሲንገጫገጭ ያቺ ሁለተኛ ሸሚዝ ትዝ ትለኛለች። ንጉሥ ተከሷል እኮ! ፈረንሳዮች ሉዊ 16ኛን የዛሬው ኮንኮርድ አደባባይ ላይ እስኪያወጡት ድረስ ገና 144 ዓመት ይቀር ነበር። እንግሊዞች ግን 11 ዓመት ቆይተው የሟቹን ልጅ ከስደት ጠርተው አነገሡት። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር የአክስቴ ልጅ ስትሰማ ሳቋን መያዝ አልቻለችም።

ሁለቱን ሕዝቦች ማወዳደር ያስለመደችኝ እሷ ናት። ፓሪስ ትኖራለች፤ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። በስምንት ዓመት ስለምበልጣት «ጋሼ» ትለኛለች፤ ይህ ግን እኔን ከመገሠጽ አግዷት አያውቅም። «ጋሼ፣ እናንተ መንግሥት ገፍትሮ ሲጥላችሁ ይቅርታ የምትጠይቁ ሰዎች ናችሁ» ትለኛለች። «እናንተ» ማለቷ እንግሊዞችን ነው፤ እኔንም ጨምራ።

በመጋቢት 2023 ልጠይቃት ሄድኩ። ከባቡር ወርጄ ከጣቢያው ስወጣ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ የዓሣ ቅርፊት፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ ዝናብ የነካው ካርቶን። ጥቁርና ሰማያዊ ከረጢቶች እንደ ጤፍ ክምር እስከ መስኮት ድረስ ተቆልለዋል። የጡረታ ዕድሜ ከ62 ወደ 64 ሊወጣ ስለሆነ የጽዳት ሠራተኞች ሥራ አቁመዋል፤ የእነሱው ደግሞ ከ57 ወደ 59 ነው የሚያድገው። ከተማዋ ላይ የተከመረው ቆሻሻ 10 ሺህ ቶን ደርሷል ይባል ነበር። አንድ ሬስቶራንት ደጅ ሰዎች ከክምሩ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጠው ወይን ይጠጣሉ። «ሰዉ አይናደድም?» ብዬ ጠየቅኳት። «ይናደዳል እንጂ። ግን ማን ላይ እንደሚናደድ ያውቃል» አለችኝ።

መጋቢት 16 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትሯ ኤሊዛቤት ቦርን ሕጉን ያለ ድምፅ አሳለፉት። የፈረንሳይ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 49 ንዑስ አንቀጽ 3 ይህን ይፈቅዳል፤ ምክር ቤቱ መንግሥቱን በመተማመኛ ድምፅ ካልጣለው በቀር ረቂቁ ሕግ ይሆናል። (ከአራት ቀን በኋላ ሊጥሉት ሞክረው በ9 ድምፅ አነሳቸው።) ያን ዕለት ማታ የአክስቴ ልጅ ጎትታ ኮንኮርድ ወሰደችኝ። ከወንዙ ማዶ ምክር ቤቱ፣ ከወንዙ ወዲህ ሕዝቡ። እሳት ተቀጣጥሏል። እሷ መሃል ገባች፤ እኔ የምድር ባቡሩን መውጫ በዓይኔ ፈለግሁ። ከአጠገቤ አንዲት እናት ስድስት ዓመት የማይሞላት ልጇን ትከሻዋ ላይ አድርጋ የሆነ ነገር ታስረዳለች። የአክስቴ ልጅ ስትመለስ «ምንድን ነው የምትላት?» አልኳት። ጆሮዋን አቅንታ ሰማችና «አንቀጽ 49ን እያስጠናቻት ነው» አለችኝ። የምትቀልድ መሰለኝ፤ እንደገና አዳመጠች። እውነት ነበር።

እኔ በዚያ ዕድሜዬ የተማርኩት ፖሊስ ሲያልፍ ዝም ማለት ነው።

ወደ ለንደን ስመለስ ሆቴሉ ውስጥ ወሬው ሁሉ ስለ አዲሱ ንጉሥ ነበር። ሣልሳዊ ቻርልስ የመጀመሪያ ይፋዊ የውጭ ጉብኝታቸውን በፈረንሳይ ሊጀምሩ እሑድ መጋቢት 26 ይነሣሉ ተብሎ ነበር፤ በዋዜማው ሳምንት ቦርዶ ላይ የማዘጋጃ ቤቱ በር ተቃጠለ፤ ጉዞው ተላለፈ። የቆሻሻ ሰብሳቢዎች ጡረታ የእንግሊዝን ንጉሥ ቤቱ አዋለው። እስከ መስከረም አልሄዱም። በሚያዝያ ደግሞ ፕሬዚዳንት ማክሮን በቴሌቪዥን ሕዝቡን ሲያናግሩ የአክስቴ ልጅ ደውላ ስልኳን በመስኮት አወጣችው። የድስት ድምፅ፤ ከየሰገነቱ ድስት በማንኪያ ይደበደባል። ስለ ምን እንደሚናገሩ አንድም ቃል አልሰማችም፤ ነገሩም እሱ ነው።

ድስቱ ግን ሕጉን አላስቀረውም። የሕገ መንግሥት ምክር ቤት አብዛኛውን አጸደቀው፤ ፕሬዚዳንቱ ሌሊቱን ፈረሙበት። በ1995 ለሦስት ሳምንት አገሩን አቁመው ያሸነፉ፣ በ2006 የወጣቶች የሥራ ውል ሕግን ያስሻሩ ሰዎች በ2010 እና በ2023 ተሸነፉ። በ2025 መጨረሻ የጡረታ ሕጉ እስከ 2028 ሲታገድ የአክስቴ ልጅ «አየህ?» የሚል መልእክት ላከችልኝ። የታገደው አብላጫ የሌለው መንግሥት በጀት ለማስጸደቅ ሲል ነው ብዬ ልመልስላት አሰብኩና ተውኩት። ያ ሁሉ ድስት ባይደበደብ ማን ያስታውሰው ነበር?

እንግሊዝ ውስጥ የጡረታ ዕድሜ በጥቅምት 2020 ሙሉ በሙሉ 66 ገባ። አንድ ማንኪያ ሲጮህ አልሰማሁም። የጡረታቸው ዕድሜ መጨመሩ በወጉ አልተነገረንም ያሉ ሴቶች ለእንባ ጠባቂ ተቋም አመለከቱ፤ ተቋሙ ዓመታት ወስዶ መርምሮ በመጋቢት 2024 ካሣ ይገባቸዋል አለ፤ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ መንግሥት አልከፍልም አለ። እንዲህ ነው እዚህ። ለፓርላማ በሚቀርብ አቤቱታ ላይ 10 ሺህ ፊርማ ከተገኘ መንግሥት ይመልሳል፤ 100 ሺህ ከሆነ ለክርክር ይታያል። በ2019 ከአውሮፓ ኅብረት መውጣቱ ይቅር ብለው ከ6 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ፈረሙ። ተከራከሩበት። ወጡ። በየካቲት 2003 የኢራቅን ጦርነት ለመቃወም ፖሊስ 750 ሺህ፣ አዘጋጆቹ ከሚሊዮን በላይ ያሉት ሕዝብ ለንደንን አጥለቀለቃት፤ ጦርነቱ ከወር ከጥቂት ቀናት በኋላ ተጀመረ።

አማርኛ ሁለት ነገር በአንድ ቃል ይጠራል፦ ሰልፍ። ዳቦ ለመግዛትም ሰልፍ፣ መንግሥትን ለመቃወምም ሰልፍ። ፈረንሳዮች ሁለተኛውን፣ እንግሊዞች የመጀመሪያውን የወሰዱ ይመስለኝ ነበር። ንግሥቲቱ በ2022 ሲያርፉ ሩብ ሚሊዮን ያህል ሰው አስከሬናቸውን ለመሰናበት ቴምዝ ወንዝን ተከትሎ ሲሰለፍ ያየ ሰው ምን ሊል ይችላል?

ትናንት ግን ያን ሐሳቤን ጎረቤቴ አፈረሱት።

ባዶውን ቅጽ ይዤ ላመካኝ በራቸውን አንኳኳሁ፤ ሻይ አፈሉልኝ። ፊርማ ማሰባሰብ መቼ እንደ ጀመሩ ጠየቅኳቸው። «ፊርማ የቅርብ ጊዜ ነው፤ በፊት ፖስታ አለመክፈት ነበር ሥራዬ» አሉኝ። በ1990 የማርጋሬት ታቸር መንግሥት እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ የነፍስ ወከፍ ግብር አወጣ፤ ስኮትላንድ ውስጥ ከዓመት በፊት ጀምሯል። ባለ ርስቱም ጽዳት ሠራተኛዋም በአንድ አካባቢ እኩል ይከፍላሉ። ሴትዮዋ ያኔ የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ነበሩ። መጋቢት 31 ቀን ትራፋልጋር ላይ 200 ሺህ ያህል ሰው ወጥቶ ነገሩ በድብድብ ሲያልቅ እሳቸው ቤታቸው ልብስ ያጥቡ ነበር። ፖስታውን ግን መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ሁለተኛው መጣ፤ መሳቢያ። ሦስተኛው በቀይ ቀለም የተጻፈ ነበር፤ እሱም መሳቢያ። ከዚያ የፍርድ ቤት መጥሪያ ደረሳቸው።

የሹራብ ክራቸውንና የሻይ ፔርሙዛቸውን ይዘው ሄዱ። አዳራሹ ከበር እስከ ደረጃ ሞልቷል። ሁሉም ሰው የራሱ ጉዳይ ለብቻው እንዲሰማለት ጠየቀ፤ መብቱ ነው። ዳኞቹ እስከ ምሳ ሰዓት ጥቂት ሰው ብቻ አዳረሱ። ተራቸው ሳይደርስ ቀኑ መሸ፤ የአንድ እጅጌ ግማሽ ሠርተው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። «መሰለፍ እናውቅበታለን» አሉኝ፤ ፈገግ ብለው። እሳቸው ያሉት ወረፋ መያዝን ነው። እኔ ግን በአማርኛ ሁለቱንም አንድ ላይ ሰማሁት።

ሚሊዮኖች ሳይከፍሉ ቀሩ። ታቸር በዚያው ዓመት በኅዳር ሥልጣን ለቀቁ፤ ግብሩ በ1993 በሌላ ተተካ። በእርግጥ ታቸርን የጣላቸው የገዛ ፓርቲያቸው ነው፤ በአውሮፓ ጉዳይም ተጣልተው ነበር። ቢሆንም ስንት መሳቢያ ነው የሞላው!

ማታ ለአክስቴ ልጅ ደውዬ ነገርኳት። አባልነትንም አነሣሁባት፤ እንግሊዝ ውስጥ ከአምስት ሠራተኛ አንዱ የሠራተኛ ማኅበር አባል ነው፤ ፈረንሳይ ውስጥ ከአሥር አንዱ ብቻ። «የእኛ አባልነት መንገድ ላይ ነው» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ቀዝቀዝ አለ። ቢጫ ሰደርያ ለባሾቹ የፈረንሳይ ሰልፈኞች በ2018 የነዳጅ ግብሩን አስነሥተዋል፤ ነገር ግን በፖሊስ የጎማ ጥይትና ፈንጂ ከ20 በላይ ሰው አንድ ዓይኑን አጥቷል። አብራት የምትሠራ ሴት ልጅ ከዚያ ወዲህ ሰልፍ አትወጣም። እኔም የራሴን ጨመርኩላት፤ በ2023 ንጉሡ ዘውድ በጫኑ ዕለት፣ ከፖሊስ ጋር ለወራት ተነጋግረው የተዘጋጁ ፀረ ዘውድ ተቃዋሚዎች ገና ሰሌዳቸውን ከመኪና ሲያወርዱ ታሰሩ። ጥፋታቸው ሰሌዳ ማሰሪያ ጠፍር ይዞ መገኘት ነበር፤ ሕጉ ከወጣ ሳምንት አልሞላውም። ኋላ ያለ ክስ ተለቀቁ፤ ፖሊስም አዝናለሁ አለ። የሆነው ከዚያው ከነሐሱ ቻርልስ ብዙም ሳይርቅ ነው።

«አሁን አንተ ፈረምክ ወይስ አልፈረምክም?» አለችኝ።

«ነገ።»

«ኸረ ጋሼ! አራት ቀን? በአራት ቀን እኛ አንድ ሚኒስትር እናወርዳለን።» ማጋነኗ ነው።

ከአንድ ሰዓት በፊት ወረቀቱን ከማቀዝቀዣው ላይ አነሣሁት። ስሜን እስከ አያቴ ጻፍኩ፤ ለምን እስከ አያት እንደ ጻፍኩ አላውቅም፤ ቅጹ አልጠየቀም። አድራሻዬን ጻፍኩ። ፈረምኩ። ዝናቡ እንዳያበላሸው በላስቲክ ጠቅልዬ በጎረቤቴ የደብዳቤ ቀዳዳ ከተትኩት። ወደ ቤቴ ሳልደርስ በሩ ተከፈተና ጠሩኝ። ሐሙስ ማታ ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ አንድ የሰፈሩ ነዋሪ ሦስት ደቂቃ እንዲናገር ይፈቀዳል፤ ልጆቹ ቤተ መጻሕፍቱን የሚጠቀሙበት ሰው ቢሆን ጥሩ ነው አሉኝ። የእኔ ሁለቱ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ናቸው። ይህን ያውቃሉ።

ሐሙስ የሌሊት ተራዬን እንዲለውጠኝ ለባልደረባዬ አሁን መልእክት ላክሁለት። ሁለት ሸሚዝ ተኩሻለሁ፤ አንዱ ለመጠባበቂያ።