ስልክ የቴሌቪዥን ጣቢያን በአንቴና ለምን አይዝም?

ስልክ ኤፍኤም ከያዘ ቴሌቪዥንስ ያለ ዳታ የማይዘው ለምንድን ነው ሲባል ብዙዎች «ቺፑን ስላላስገቡለት ነው» ይላሉ። ቺፑ ቀላሉ ነገር ነው፤ የሚያስቸግረው አንቴናው ነው። ኤፍኤምም ቢሆን የጆሮ ማዳመጫውን ሽቦ አንቴና አድርጎ ነው የሚሰራው።

በ500 ሜጋኸርዝ የሚሰራጭ ጣቢያ የሞገዱ ርዝመት 60 ሴንቲ ሜትር ነው። በደንብ የሚቀበል አንቴና የዚህን ሩብ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ይፈልጋል፤ ይህ የስልኩ የራሱ ቁመት ነው። ስልኩ ውስጥ የሚገኘው ቦታ ግን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ እሱም ከዋይፋይና ከኔትወርክ አንቴናዎች ጋር በመጋፋት። ለስልክ ቴሌቪዥን የወጣው የዲቪቢ ኤች መመሪያ በ474 ሜጋኸርዝ ለእንዲህ ያለ አንቴና የያዘው የመቀበል አቅም ከዜሮ በታች 10 ዴሲቤል (የሲግናል ጥንካሬ ማነጻጸሪያ) ነው። የጣሪያ አንቴና ደግሞ ወደ 10 ዴሲቤል ይጨምራል። የ20 ዴሲቤል ልዩነት 100 እጥፍ ማለት ነው፤ ግድግዳው የሚውጠው ገና አልተቆጠረም።

ስርጭቱም ቢሆን የተሰላው ከቦታው ለማይንቀሳቀስ ቴሌቪዥን ነው። ዲቪቢ ቲ 2 የተባለው የዲጂታል ቴሌቪዥን ስታንዳርድ በ32ኬ፣ ማለትም ሲግናሉን በሺዎች ወደሚቆጠሩ ንዑስ ሞገዶች ከፍሎ ሲሰራጭ በንዑስ ሞገዶቹ መካከል ያለው የፍሪኩዌንሲ ርቀት 279 ኸርዝ ብቻ ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር በሚሄድ መኪና ውስጥ የ600 ሜጋኸርዝ ሲግናል ፍሪኩዌንሲ በእንቅስቃሴው ምክንያት እስከ 55 ኸርዝ ይንሸራተታል። የርቀቱ አንድ አምስተኛ ስለሆነ ምስሉ ይሰባበራል። ጃፓን በ2006 ዋን ሴግ የተባለውን የስልክ ቴሌቪዥን ስትጀምር ከአንድ ቻናል 13 ክፍሎች አንዱን ለይታ ለስልክ ሰጥታለች፤ ምስሉ ትንሽ፣ ሲግናሉ ግን ጠንካራ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ሜዲያፍሎ የተባለው የስልክ ቴሌቪዥን ለብቻው ፍሪኩዌንሲና ማሰራጫ ይዞ በክፍያ ቢመጣም ከ2007 እስከ 2011 ብቻ ቆየ። ሲም ካርድ የማይፈልገው አዲሱ የስልክ ቴሌቪዥን ስርጭት፣ ፋይቭ ጂ ብሮድካስትም የሚታሰበው በዚያው ከ470 እስከ 694 ሜጋኸርዝ ባለው መስመር ስለሆነ የአንቴናው ጥያቄ ይከተለዋል።

እስከዚያው መፍትሔው በዩኤስቢ የሚሰካ መቀበያ ነው። መጀመሪያ አገሩ የሚጠቀምበትን ስታንዳርድ (ዲቪቢ ቲ 2፣ አይኤስዲቢ ቲ ወይም ኤቲኤስሲ) እና ስልኩ ኦቲጂ (በዩኤስቢ ሌላ ዕቃ ማገናኘት) መቀበሉን ያረጋግጡ። አንቴናውን እስከ መጨረሻው መምዘዝ የተለመደ ስህተት ነው፤ ለ600 ሜጋኸርዝ 12.5 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። የአካባቢው የጣሪያ አንቴናዎች ዘንጎች ጋደም ብለው ከተሰቀሉ የእርስዎንም ያጋድሙት፣ ከቆሙም ያቁሙት። መቀበያውን በአጭር የኦቲጂ ገመድ ከስልኩ አርቁና መስኮት አጠገብ አድርጉት፤ የስልኩ ኤሌክትሮኒክስ ራሱ ሲግናሉን ይረብሻል። ኤርፕሌን ሞድ ማብራትም ይረዳል፤ ስልኩ በ700 ወይም በ800 ሜጋኸርዝ ሲልክ አጠገቡ ያለውን መቀበያ ያደነቁረዋል።

አሁንም ካልያዘ መቀበያውን በማገናኛ ከጣሪያ አንቴና ጋር ያያይዙት። በዚያ ከሰራ ዕቃው ጤነኛ ነው፤ የጎደለው ሲግናል ነው። ድምፅ እየተሰማ ምስሉ ከጠቆረ ደግሞ ችግሩ ከአንቴናው አይደለም፤ ብዙ ጊዜ አፑ ወይም ስልኩ የጣቢያውን በኤችኢቪሲ ዘዴ የተጨመቀ ቪዲዮ መፍታት ስላልቻለ ነው።