ኤክስ ፓወር 4 የጻፉት 19 ልጆች

የ9ኛ ክፍል ሒሳብ ማስተማር በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ነው። ታች ክፍል «ላዕል»፣ «ታህት» ሲሉ የኖሩ ልጆች ድንገት «ኒውመሬተር»፣ «ዲኖሚኔተር» በሉ ሲባሉ ምላሳቸው ይተሳሰራል። እኔ ደግሞ ቃል መሰንጠቅ እወዳለሁ። ከሚያሸመድዱ የላቲኑን ሥር ልንገራቸው ብዬ ተነሳሁ።

መጀመሪያ ላይ ሠርቶልኝ ነበር። ፍራክሽን «ሰበረ» ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ ሐኪም ቤት ፍራክቸር የሚሉትም ከዚያው ነው ስላቸው፣ እጁ በጀሶ የታሰረ አንድ ልጅ ክንዱን ከፍ አድርጎ «ቲቸር፣ ይሄም ፍራክሽን ነው?» አለና ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ታንጀንት «የሚነካ»፣ ሴካንት «የሚቆርጥ»፤ ክብ ስዬ አንዱን መስመር አስነካሁት፣ ሌላውን አሳለፍኩበት። ያን ቀን ማንም አልተምታታበትም። ፐርሰንትማ ማብራሪያም አላስፈለገው፤ እኛም «ከመቶ» ነው የምንለው።

ኳድራቲክ ኢኩዌሽን (የኤክስ ትልቁ ፓወር 2 የሆነበት እኩልታ) ላይ ስደርስ ልቤ አብጦ ነበር። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው፣ የእጄን ጠመኔ እያራገፍኩ «ኳድ ማለት አራት ነው፤ ባለ አራት ጎኑን ቅርጽ፣ ኳድሪላተራልን አስታውሱ» ብያቸው ወጣሁ።

በሳምንቱ ኩዊዝ ሰጠሁ። አንዱ ጥያቄ «የኳድራቲክ ኢኩዌሽን ምሳሌ ጻፉ» ይላል። ማታ ሳርም መጀመሪያ ያነሳሁት ወረቀት ላይ ኤክስ ፓወር 4 ተጽፏል። በቀይ ሰረዝኩት። ሁለተኛውም እንዲሁ። አምስተኛው ላይ ተኮራርጀዋል ብዬ ተናደድኩ። አስራ ምናምነኛው ላይ ግን የገዛ ድምፄ ጆሮዬ ላይ አቃጨለ፤ «ኳድ ማለት አራት ነው»። ከ52 ተማሪ 19ኙ።

በማግስቱ ስታፍ ውስጥ ለአንዲት አንጋፋ የእንግሊዝኛ መምህርት ነገርኳቸው። ሻያቸውን እያማሰሉ ሳቁብኝ።

«አንተ ልጅ፣ ግማሽ መንገድ ሄደህ ቆምክ እኮ!»

ኳድራቱስ በላቲን አራት ጎኑ እኩል የሆነው ቅርጽ ነው፤ አራቱ የጎኖቹ ቁጥር እንጂ የፓወሩ አይደለም። ስፋቱ ጎን በጎን፣ ኤክስ በኤክስ ነው፤ 2 የመጣው ከዚህ ነው። ቀጠሉና «ለመሆኑ ቦታ የምትለካበት ካሬ ከየት የመጣ ይመስልሃል?» አሉኝ። ፈረንሳይኛ ነው፤ ፈረንሳይኛው ደግሞ ያው ኳድራቱስ አፍ ላይ ተላልጦ ተላልጦ ያነሰ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ካሬ ሜትር ስል ኖሬ!

ቤት ገብቼ ሳነብ «ሳይን» የሚለው የትሪጎኖሜትሪ ቃል የባሰ ሆኖ አገኘሁት። ሕንዶች የቀስት አውታር ብለው የሰየሙትን ዐረቦች በድምፁ «ጂባ» ብለው ወሰዱት። አናባቢው አይጻፍም ነበርና በ12ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ላቲን የመለሱት ሰዎች «ጀይብ» ብለው አነበቡት፤ ጉያ እንደ ማለት። ጉያ በላቲን «ሲኑስ» ነው። ይኼንን ለነዚያ ልጆች ነግሬያቸው ቢሆን ኩዊዙ ላይ ምን ይሥሉልኝ እንደነበር እግዜር ይወቀው።

ክፍል ስገባ ወሬ አላበዛሁም። ሰሌዳው ላይ አራት ማዕዘን ሣልኩ፣ ሁለቱ ጎኖች ላይ ኤክስ ጻፍኩ። «ይሄ ቦታ ስንት ካሬ ነው?» ከኋላ አንዷ «ኤክስ በኤክስ!» አለች። «ኳድራቲክ ማለት ይሄ ነው፤ ባለፈው ያሳሳትኳችሁ እኔ ነኝ» አልኩ። ትንሽ ዝም ካሉ በኋላ ያ ባለ ጀሶ፣ «ታዲያ አባቴ ቦታችን 200 ካሬ ነው ሲል ላቲን እያወራ ነው?» አለ።

ሳቁ ሳይበርድ «ማርኩስ ቲቸር?» መጣ። ጥፋቱ የኔ ስለሆነ ለ19ኙም ሙሉ ማርክ ሰጠሁ። ያኔ በትክክል ከመለሱት አንዷ እጇን አወጣች።

«እኛስ ቲቸር? እርስዎን ሳንሰማ መጽሐፉን ያነበብነው ምን ይጨመርልን?»

ደወሉ አዳነኝ።