መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠው ማጉያ

ዛሬ ጠዋት እማማ ለክትትል መጡ። ከሁለት ወር በፊት የሰጠኋቸው የማንበቢያ ማጉያ ሌንስ ከነሳጥኑ መሳቢያ ውስጥ ነው። «ዕቃውስ ጥሩ ነው ልጄ፤ እኔ ነኝ ያቃተኝ» አሉኝ። ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም።

ኦፕቶሜትሪስት፣ ማለትም የእይታ ምርመራ ባለሙያ ነኝ። የምሠራው በመነጽርም፣ በመድኃኒትም፣ በቀዶ ሕክምናም ከማይስተካከል የእይታ ማነስ ጋር ከሚኖሩ ሰዎች ጋር ነው። የእማማ ማኩላ ተጎድቷል። ማኩላ የሬቲና፣ ማለትም ዓይን ውስጥ በስተኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፣ መሃል ነው፤ ፊደልም የሰው ፊትም የምንለየው በእሱ ነው። ዙሪያውን ስለሚያዩ ወንበር ሳይገጩ ይራመዳሉ። ሰላም የሚላቸውን ሰው ግን አይለዩም። «ኮራች እያሉ ያሙኛል» ብለውኝ ነበር። እኔ «አይዞዎት» ብዬ ወደ ፊደል ሰንጠረዡ ዞርኩ። ያኔ ቆም ብዬ መስማት ነበረብኝ።

የሰጠኋቸው ባለ20 ዳዮፕተር የእጅ ማጉያ ነው፤ ዳዮፕተር የሌንስ ጉልበት መለኪያ ነው። ሌንሱ ከወረቀቱ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ መያዝ አለበት። ትንሽ ከተንቀሳቀሰ ፊደሉ ይደበዝዛል። እኔ ክፍል ውስጥ ጥሩ አድርገው አነበቡ። ፋይሉ ላይ «ማንበብ ችለዋል» ብዬ ጻፍኩ።

ከሰዓት በኋላ እማማን የምንከታተል ባለሙያዎች አንድ ላይ ተቀመጥን። ሰዎች የዕለት ተዕለት ሥራቸውን እንዲችሉ የምትረዳው ኦኩፔሽናል ቴራፒስቷ ባለፈው ሳምንት ቤታቸው ሄዳ ነበር። የእማማ እጅ ይንቀጠቀጣል። እኔ ጋ ክርናቸውን ጠረጴዛ ላይ አስደግፈው ለጥቂት ደቂቃ ስላነበቡ አላስተዋልኩም። ቤታቸው የሚያነቡት ክርን ማሳረፊያ የሌለው ወንበር ላይ ነው። መብራቱ ከጀርባቸው ስለሆነ የራሳቸው ጥላ ገጹ ላይ ያርፋል። እግር ያለው ማጉያ ቢሆን ኖሮ ወረቀቱ ላይ ይቀመጣል፣ ርቀቱንም ራሱ ይጠብቃል። ሌንሱን እኔ አውቃለሁ። እጃቸውን ያየችው ግን እሷ ናት።

ነርሷ ደግሞ መድኃኒቶቻቸው በመጠንም በቅርጽም ስለሚመሳሰሉ በእጃቸው ዳስሰው እንዲለዩ አንዱ ብልቃጥ ላይ ላስቲክ እንዳሰረችላቸው ነገረችን። ቀላል ነገር ነው፤ ለእኔ ግን ጨርሶ ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ተናገረች። እማማ ፈቅደውላታል። ማታ ማታ መጋረጃው ሥር ትንንሽ ልጆች ቆመው ያያሉ። ልጆቹ ድምፅ የላቸውም። እውነተኛ እንዳልሆኑ ያውቃሉ፤ ግን «አበደች እባላለሁ» ብለው ለማንም አልተናገሩም። የሚያነቡት ደግሞ መጋረጃው ባለበት ክፍል ነው። ብቻቸውን መቀመጥ ፈርተው ትተውታል።

ሁላችንም ዝም አልን። ይህ ቻርልስ ቦኔት ሲንድረም ሊሆን ይችላል። ስሙ የመጣው የአያቱን ተመሳሳይ ገጠመኝ እ.ኤ.አ. በ1760 ከጻፈው የተፈጥሮ ተመራማሪ ቻርልስ ቦኔት ነው። ዓይን የሚልከው መረጃ ሲቀንስ አንጎል የራሱን ምስል ይፈጥራል። እብደት አይደለም። የዓይን ሐኪማችን ግን «የሚወስዱትን መድኃኒትና ሌሎች ምክንያቶችን ሳናይ አንደምድም» አለ። ልክ ነው። ሲንድረሙን እኔም ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። ስንት ሰው ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ሳልጠይቀው እንደሄደ ሳስብ ያመኛል።

ከሁሉ የከበደኝ ሌላ ነው። እማማ ታሪካቸውን ለአምስታችንም ደጋግመው ተናግረዋል። ሁላችንም የየራሳችንን ቁራጭ ይዘን ቀረን። ወደ እኔ የመጣው ወረቀት ላይ የነበረው «ማጉያ ይሰጣቸው» ብቻ ነው። እርስ በርስ እንከባበራለን፣ ኮሪደር ላይ ሰላም እንባባላለን። እማማን ያ አልጠቀማቸውም።

ስብሰባው ላይ ትንሽ ተከራከርን። እኔ ጠንከር ያለ ሌንስ አልኩ። ቴራፒስቷ ማጉያ በጠነከረ ቁጥር በአንዴ የሚታየው ፊደል እንደሚያንስ አስታወሰችኝና መጀመሪያ መብራቱ ይስተካከል አለች። ተሸነፍኩ፤ ደስ ብሎኝ ነው የተሸነፍኩት። ለሁላችንም የሚሆን አንድ ቅጽ ለማዘጋጀትም ተስማማን። የመጀመሪያው መስመር ላይ ታካሚው ማድረግ የሚፈልገው ነገር በራሱ ቃል ይሰፍራል።

ማታ ከመውጣቴ በፊት እማማ ጋ ደውዬ ጠየቅኳቸው። የልጅ ልጃቸው የላከችላቸውን ደብዳቤ ሌላ ሰው ሳያነብላቸው ራሳቸው ማንበብ ይፈልጋሉ። ሁለት ገጽ ነው፣ በእጅ የተጻፈ።

ሰኞ ደብዳቤውን ይዘው ይመጣሉ። ቴራፒስቷም እኔ ክፍል ትገኛለች። እግር ያለውን ማጉያ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ፣ መብራቱንም ወደ ጎን አዙሬዋለሁ።