አራተኛ የወጣችው ኮከብ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ድብር ብሎኝ ዋለ። ጠዋት መ. ደውላ «ከዚህ ሲዝን በኋላ አልጫወትም» አለችኝ። የምታውቋት ታውቋታላችሁ፤ አንዴ ካለች አለች ነው። ጉልበቷም ትከሻዋም «በቃን» ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል። አይዞሽ ከማለት ሌላ የምላት አጣሁ።

ስልኩን ዘግቼ የኮሪያዊቷን የቮሊቦል ኮከብ፣ የኪም የን ኩንግን፣ የመጨረሻ ጨዋታ ከፈትኩ። ለምን እሱን እንደመረጥኩ አላውቅም። በፈረንጆቹ ሚያዝያ 2025 የተደረገው የኮሪያ ሊግ ፍጻሜ ነው፤ ፍጻሜው እስከ አምስት ጨዋታ ይሄዳል። ቡድኗ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች አሸነፈ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ተሸነፈ። አምስተኛው ጨዋታ ደግሞ እስከ አምስተኛው ዙር ሄደ። ኪም 37 ዓመቷ ነበር። በዚያ ቀን ብቻዋን 34 ነጥብ አስቆጠረች። ዋንጫውን አነሳች፣ የፍጻሜው ምርጥ ተጫዋች ተባለች፣ ጫማዋን ሰቀለች።

በ2023ም እንዲሁ ሁለት ለዜሮ እየመሩ ዋንጫውን አሳልፈው ሰጥተዋል። በ2024ም ፍጻሜ ላይ ተሸንፈዋል። ታዲያ በ2025ም ሁለት ለሁለት ሲሆን ሆዷ ውስጥ ምን ነበር? ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። ጓደኞቿን ትጠራለች፣ ታጨበጭባለች፣ ትዘላለች።

ይህን እያየሁ ሐሳቤ ወደ ለንደን ሄደ። ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም።

በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ ኪም 207 ነጥብ አስቆጥራለች። ከውድድሩ ተጫዋቾች ሁሉ የሚበልጣት አልነበረም። ወርቁን ብራዚል ወሰደች፤ የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች የተባለችው ግን ኪም ናት። ኮሪያ ግማሽ ፍጻሜውን በአሜሪካ፣ የነሐሱን ጨዋታ በጃፓን ሦስት ለዜሮ ተሸንፋ አራተኛ ወጣች። አስቡት። ከሁሉም የበለጥሽ አንቺ ነሽ ተብለሽ፣ አንገትሽ ላይ ሜዳሊያ የለም።

ቮሊቦል ከሌላው ኳስ የሚለይበት ነገር እዚህ ላይ ይመስለኛል። እግር ኳስ ላይ አንድ ጎበዝ ኳሷን ይዞ አምስት ሰው አልፎ ሊያገባ ይችላል። ቮሊቦል ይህን አይፈቅድም። ኳሷን መያዝ ክልክል ነው። እንደ ብሎክ (መረብ ላይ እጅ ዘርግቶ ኳስ ማገድ) ካሉ ጥቂት ሁኔታዎች በቀር አንድ ሰው በተከታታይ ሁለቴ ሊነካት አይችልም። ሰርቪሱን አንዷ ትቀበላለች፣ ሴተሯ ለመቺዋ ከፍ አድርጋ ታመቻቻለች፣ ከዚያ ነው የምትመቺው። የቱንም ያህል ብትዘይ፣ የመጀመሪያዋ ንክኪ ከተበላሸች ያንቺ ጉልበት ዋጋ የለውም። የዓለም ምርጧም ብትሆኚ ሁልጊዜ የምትጨርሺው ሌላ ሰው የጀመረውን ነው።

ኪም ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች ብዬ አምናለሁ። ዛሬ ቁመቷ 192 ሴንቲሜትር ነው፤ ልጅ ሳለች ግን አጭር ነበረች። የሴቶች መረብ 2 ሜትር ከ24 ላይ ነው የሚወጠረው። ለአጭር ልጅ እዚያ ላይ ሆኖ መምታት ዘበት ነው። ስለዚህ ከኋላ ሆና መቀበልና መከላከል ተማረች። ሁለተኛ ደረጃ ስትገባ ቁመቷ ድንገት ተመዘዘ። በ2005 ወደ ሊጉ ስትመጣ ረጅምም ነች፣ መቀበልም ትችላለች። በመጀመሪያው ዓመቷ ዋንጫ በላች። ከዚያ ጃፓን፣ ከዚያ ቱርክ ሄዳ በ2012 ከፌነርባቼ ጋር የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግን አነሳች። ቻይናም ተጫውታለች። ብዙ ረጃጅም መቺዎች ሰርቪስ ሲመጣባቸው ይጨነቃሉ፤ እሷ ግን ኳሷን ራሷ ተቀብላ፣ ተንደርድራ ራሷ ትመታለች። እኔ በሙያዋ ሁሉ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለእነዚያ አጭር ለነበረችባቸው ዓመታት ነው። ያኔ ማንም «ይቺ ኮከብ ትሆናለች» ብሎ አላያትም። ዝም ብላ ኳስ ታነሳ ነበር።

ቶኪዮ ኦሊምፒክ ላይ ደግሞ አምበል ሆና መጣች። ከጃፓን ጋር በአምስተኛው ዙር 14 ለ 12 ተመርተው 16 ለ 14 አሸነፉ። ሩብ ፍጻሜ ላይ ቱርክን፣ ማለትም ለዓመታት ከጎኗ ሆነው የተጫወቱትን ሴቶች፣ በአምስት ዙር ጣሉ። እዚያ ጨዋታ ላይ ጮኬያለሁ፣ ጎረቤት ይፍረደኝ። ከዚያ ብራዚል፣ ከዚያም ሰርቢያ አቆሟቸው። እንደገና አራተኛ። በዚያው ከብሔራዊ ቡድን ተሰናበተች።

ሁለት ጊዜ አራተኛ። ሁለቱም ጊዜ አንድ ጨዋታ ሲቀር።

ከሦስት ሰዓት በላይ ይህን ሳሰላስል መሽቷል። በ2012 መጥተው «የምርጥ ተጫዋችነቱን ሽልማት መልሺና ለሁላችሁም ነሐስ ውሰዱ» ቢሏት ምን ትል ነበር? እኔ ሳታቅማማ ትሰጥ ነበር ባይ ነኝ። ሁልጊዜ ለጓደኞቿ ስታጨበጭብ ነው የማያት። ግን ደግሞ ያ ሽልማት ነው ስሟን ለዓለም ያስተዋወቀው። እውነት ትሰጠው ነበር? እናንተስ ብትሆኑ?