የወንጀል ሪከርድ ያለው ሰው ይዛችሁ የአላስካ ክሩዝ ልትቆርጡ ነው?

አሁን አሁን ሲያትል ውስጥ ሰርግ ላይም ለቅሶ ቤትም ወሬው የአላስካ ክሩዝ ሆኗል። እገሌ እናቱን ወሰደ፣ እነ እገሊት ከነልጆቻቸው ሄዱ፣ ፎቶው ደግሞ ያው ነው ጋቢ ተከናንቦ በረዶው ስር መነሳት። ጥሩ ነገር ነው አልቃወምም። ግን ከቤተሰቡ መሀል ሪከርድ ያለበት ሰው ሲኖር ምን እንደሚሆን ማንም አያወራም፣ ምክንያቱም ሰውየው ራሱ አይናገርም፣ ይሉኝታ ይዞት ዝም ይላል፣ ቲኬት ይቆረጣል ብር ይከፈላል፣ ከዛ ነው ጉዱ የሚወጣው።

እኛ ቤት የሆነው ይሄው ነው። የባለቤቴ ወንድም (ስሙን ብጽፍ ይገለኛል) 2020 ላይ በዲዩአይ (ጠጥቶ በመንዳት) ተይዟል። ሰው አልጎዳም፣ መኪና አልገጨም፣ ፍርድ ቤት ቀርቦ ቅጣቱን ከፍሎ ክላሱን ጨርሷል፣ ከኔና ከሚስቱ በቀር የሚያውቅም የለም። ታዲያ ለእማዬ ሰባኛ ዓመት ልደት ልጆቿ ተሰብስበው ክሩዝ እንውሰዳት ሲሉ ቫይበር ግሩፑ ላይ እሱ ብቻ "ስራ አይለቁኝም" ይላል። ቀን ሲቀይሩለትም ስራ አይለቁኝም። እህቱ በቃ ብር አጥሮት ነው ብላ የሱንም ከፈለችለት! እሱ ማታ ደወለልኝ፣ "ስማ፣ እኔን እኮ ካናዳ አያስገባኝም" አለኝ። የምን ካናዳ፣ አላስካ እኮ አሜሪካ ነው አልኩት። እዚህ ጋ ነው ብዙዎቻችን የምንሸወደው።

ትልልቆቹ የክሩዝ መርከቦች ካምፓኒያቸው ማያሚ ቢቀመጥም የሚያውለበልቡት የባሃማስ፣ የፓናማ፣ የቤርሙዳ ምናምን ባንዲራ ነው። አሜሪካ ደግሞ 1886 ላይ ያወጣችው ሕግ አለ፣ የውጭ ባንዲራ ያለው መርከብ መንገደኛ ከአሜሪካ ወደብ ጭኖ ሌላ አገር ሳይነካ አሜሪካ ውስጥ ዞሮ መመለስ አይችልም። ስለዚህ ከሲያትል ተነስቶ የአላስካዎቹን ከተሞች ኬቺካን፣ ጁኖ፣ ስካግዌይን ዞሮ የሚመለሰው መርከብ የግድ አንድ የውጭ ወደብ መርገጥ አለበት፣ እሱም ብዙ ጊዜ ቪክቶሪያ ነው፣ ካናዳ። ማታ ይደርሳል፣ ጥቂት ሰዓት ይቆማል፣ ሰዉ ወርዶ በአምፖል ያሸበረቀውን የፓርላማ ሕንፃ አይቶ ይመለሳል፣ በቃ። 2021 በኮቪድ ካናዳ ወደቦቿን ዘግታ ስለነበር ኮንግረስ ለጊዜው ይቅር የሚል ሕግ እስከማውጣት ደርሷል፣ ሕጉ ይሄን ያህል የጠበቀ ነው።

ካናዳ ደግሞ የሚታያት የራሷ ሕግ ነው። እዚህ ዋሽንግተን ስቴት የመጀመሪያ ዲዩአይ ሚስዲሚነር (ቀላል ወንጀል) ነው፣ ፌለኒ (ከባድ ወንጀል) አይደለም፣ ጠበቃውም ቀላል ነው ብሎሃል። ካናዳ ግን ጥያቄዋ ይሄን እኛ አገር ብታደርገው ስንት ዓመት ያስቀጣህ ነበር ነው። ዲሴምበር 18, 2018 ጀምሮ ጠጥቶ የመንዳትን ከፍተኛ ቅጣት ከ5 ዓመት ወደ 10 ዓመት አሳደጉት፣ በዛ ምክንያት ከባድ ወንጀል ከሚባለው ውስጥ ገባ። ድሮ አንድ ዲዩአይ ብቻ ያለው ሰው ቅጣቱን ከጨረሰ 10 ዓመት ሲሞላው በራሱ ጊዜ ይታለፍለት ነበር፣ ከዛ ቀን ወዲህ ለተያዘ ሰው ግን ያ የለም።

"ታዲያ ከመርከቡ ባልወርድስ?" ሁሉም ሰው የሚጠይቀው ይሄን ነው፣ እሱም ጠየቀኝ። አልወርድም ብለው ያለፉ ሰዎች አሉ፣ አልዋሽም። ግን የመንገደኛው ስም ዝርዝር አስቀድሞ ለድንበር ሰዎች ይላካል፣ የካናዳ ኦፊሰር የኤፍቢአይ ዳታቤዝ ላይ ያለ ሪከርድ ማየት ይችላል፣ መርከቡ ካናዳ ወደብ ከቆመ ደግሞ ካቢኔ ውስጥ ተኝቻለሁ ማለት ካናዳ አልደረስኩም ማለት አይደለም። መርከቡ ራሱም ገና ሲያትል ላይ አልጭንም ሊልህ ይችላል። ያኔ ውሉ ላይ ሰነድህን ማሟላት ያንተ ኃላፊነት ነው ይላል፣ ብርህ አይመለስም፣ ትራቭል ኢንሹራንሱም አብዛኛው እንዲህ ያለውን አይከፍልም። እናትህ ዊልቸር ላይ ሆና ሻንጣ ተሰልፎ ልጆች እየተሯሯጡ "ጌታዬ ወደዚህ ይምጡ" ሲሉህ አስበው እስቲ።

መፍትሄው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጊዜያዊ ፈቃድ ነው፣ ከ200 የካናዳ ዶላር በላይ ያስከፍላል፣ ለመግባት በቂ ምክንያት አለህ ወይ የሚለውን ኦፊሰሩ ነው የሚወስነው፣ ሽርሽር ደግሞ ጠንካራ ምክንያት አይደለም። ሁለተኛው ሪሃቢሊቴሽን የሚሉት (ታርመሃል ተብሎ የሚሰጥ ፈቃድ) ነው፣ አንዴ ካገኘኸው ለዘለቄታው ነው፣ ግን ለማመልከት ቅጣትህን ሙሉ በሙሉ ከጨረስክ 5 ዓመት ማለፍ አለበት። ሙሉ በሙሉ ሲሉ ደግሞ ፕሮቤሽኑንም (በፍርድ ቤት ክትትል ስር የምትቆይበትን ጊዜ) ጭምር ነው! የሱ የ5 ዓመት ፕሮቤሽን ያለቀው 2025 ነው፣ ስለዚህ ማመልከት የሚችለው 2030 ላይ ነው ማለት ነው። ይሄን ስነግረው ዝም አለ፣ በሱ ቤት ከ2020 ጀምሮ እየቆጠረ ነበር።

በመጨረሻ ለእህቱ እኔው ነገርኳት (አስፈቅጄው ነው)። ተቆጣች፣ በዲዩአዩ አይደለም፣ ቀድሞ ባለመናገሩ። የመጨረሻው ክፍያ ቀን አላለፈም ነበርና የሱን ሰረዘች፣ እሱ በአውሮፕላን ጁኖ ሄደ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው ከሲያትል፣ ድንበር ምናምን የለም። መርከባችን ሲደርስ ወደቡ ላይ ቆሞ ጠበቀን። ሜንደንሆል ግላሲየር (የበረዶ ግግሩ) አብረን ሄድን፣ ከዛ ወደቡ አጠገብ ቁጭ ብሎ ኪንግ ክራብ እየሰበረ ይበላል እማዬ ፊቷን አዙራ ታማትባለች። ለምን በአውሮፕላን መጣህ ስትለው መርከብ ያጥወለውለኛል አላት። አመነችው አላመነችው እንጃ፣ እናት ናት።

ሌላም አማራጭ አለ። ከቤሊንግሃም ኬቺካን በቀጥታ የሚሄድ የአላስካ ስቴት ፌሪ አለ፣ የአሜሪካ መርከብ ስለሆነ ካናዳ አይቆምም፣ ግን ከአንድ ቀን ተኩል በላይ ነው ቡፌም ሾውም የለውም። ሃዋይን የሚዞር በአሜሪካ ባንዲራ የሚሄድ ትልቅ የክሩዝ መርከብም አለ። ከቫንኩቨር የሚነሳ ክሩዝ ግን ረከስ አለ ብላችሁ እንዳትነኩ፣ እሱ ሲጀመር ካናዳ ገብታችሁ ነው የምትሳፈሩት። ስካግዌይ ላይ ወደ ዩኮን (ካናዳ ነው) የሚሄደው የባስ ቱርም ድንበር ያቋርጣል። (ቀን ስትመርጡ ደግሞ ፍልሰታን እዩ፣ ጾመኛ እናት ቡፌ ላይ ማስቀመጥ ግፍ ነው።)

እስካሁን ያወራሁት ሲቲዝን ስለሆነ ሰው ነው፣ ሲቲዝን ቢበዛ ካናዳ ይመልሰዋል እንጂ አሜሪካ አትመልሰውም። እኔን የሚያስፈራኝ ግሪን ካርድ ያለው ነው። ለሱ ዋናው ጣጣ መመለሻው ላይ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው የተወሰኑ ዓይነት ሪከርዶች ካሉበት ከአገር ወጥቶ ሲመለስ ልክ እንደ አዲስ መግባት እንደሚጠይቅ ሰው ሊቆጠር ይችላል። አንድ ተራ ዲዩአይ ብቻውን ብዙ ጊዜ እዚህ ውስጥ አይገባም፣ ስርቆት (ከሱቅ ዕቃ ማንሳትም ስርቆት ነው)፣ ማጭበርበርና ድራግ (አደንዛዥ ዕፅ) ግን ሊገቡ ይችላሉ። ማሪዋና እዚህ ስቴት ከ2012 ጀምሮ ሕጋዊ ነው፣ ሱቁ ጥግ ጥግ ላይ ነው፣ ድንበር ላይ የቆመው ሰውዬ ግን የፌደራል ነው፣ በፌደራል ሕግ ደግሞ ክልክል ነው። በዋሽንግተን በድራግ ይዞታ የተቀጣችሁ ካላችሁ 2021 ላይ የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ብሌክ በሚባለው መዝገብ የድሮውን ሕግ ጥሎታል፣ ፋይሉን ማሰረዝ ይቻላል፣ ግን ከጉዞው በፊት ኢሚግሬሽን ለሚያውቅ ጠበቃ አሳዩት፣ የክሪሚናል ጠበቃው "አልቋል" ያለው ለኢሚግሬሽን አላለቀም ሊሆን ይችላል። እና ካናዳ ከ2022 ጀምሮ ግሪን ካርድ ብቻ አይበቃትም፣ ያልተቃጠለ የአገራችሁን ፓስፖርትም ትጠይቃለች፣ የኢትዮጵያው ፓስፖርት ቀኑ ካለፈ ቶሎ ማሳደስ ጀምሩ።

ሌላው ዋራንት (የመያዣ ትዕዛዝ) ነው። የክሩዝ ስም ዝርዝር ለአሜሪካ ድንበር ጠባቂም ይደርሳል፣ ከፍርድ ቤት ቀጠሮ ቀርቶ ዋራንት የወጣበት ሰው ሳምንቱን ተዝናንቶ ሲመለስ ተርሚናሉ ላይ ሊጠብቁት ይችላሉ። የዋሽንግተን ፍርድ ቤቶች ዌብሳይት ላይ በስም መፈለግ ትችላላችሁ፣ ነጻ ነው። ስትፈልጉ ስማችሁን በምታውቁት ስፔሊንግ ብቻ አትፈልጉ፣ ፖሊሱ እንደሰማው ነው የሚጽፈው፣ የአባትና የአያት ስም አገላብጣችሁም ሞክሩ፣ የኛ ሰውዬ የራሱን ፋይል ያገኘው በአያቱ ስም ነው።