ለትሪኪያሲስ ቀዶ ጥገና እናታችሁን ሐዋሳ ስታመጡ

ከሲዳማ ገጠር እናታችሁን ለትሪኪያሲስ፣ ማለትም የዓይን ቆብ ፀጉር ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ዓይን ሲወጋ ለሚሠራው የቆብ ቀዶ ጥገና ሐዋሳ ልታመጡ ከሆነ፣ ቀድማችሁ ወረንጦውን ደብቁት። የተቀለበሰው ፀጉር ተነቅሎ ከመጡ መርማሪው «ምንም የለም» ብሎ ሊመልሳቸው ይችላል። ሲነቅሉ እንደኖሩ አፍ አውጥታችሁ ንገሩ፤ መንቀሉ ራሱ ማስረጃ ነው።

ቀዶ ጥገናው ረጅም አይደለም። ቆቡ በመርፌ ይደነዝዛል፣ ከጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቀደዳል፣ ጠርዙ ወደ ውጭ ዞሮ ይሰፋል። ሁለቱን ዓይን ባንዴ መሥራት የተፈቀደ ነው። እኔ ግን ማታ የሚደግፋቸው ሰው ለሌላቸው አንድ አንድ ይሁን እላለሁ። በማግስቱ ፋሻው እስኪነሳ ከተማ ዘመድ ቤት ይደሩ፤ ዓይናቸው ታሽጎ የባጃጅ አቧራ ውስጥ መግባት አያስፈልግም።

እስካሁን የሚያበግነኝ ክትትሉ ነው። እናቴ ተሠርተው ሲወጡ ቅባት ተሰጠንና «ችግር ካለ ተመለሱ» ተባልን፤ በቃ። ክሩ ሐር ይሁን የሚሟሟ የነገረን የለም። የሚሟሟው በራሱ ይጠፋል፤ ሐሩ ግን ከ8ኛው እስከ 14ኛው ቀን መውጣት አለበት፣ ከቆየ ይጎረብጣል፣ ያመግላል። ስጠይቅ «ካርዱ ላይ አለ» አሉኝ። ካርዱ ላይ የነበረው የተሠሩበት ቀን ብቻ ነው። አንድ መስመር መጻፍ ይህን ያህል ይከብዳል? ለሪፖርት የተሠራው ሰው ይቆጠራል፤ ፀጉሩ ተመልሶ የተቀለበሰበት ሰው ግን ቤቱ ቁጭ ብሎ ይቀራል።

ስለዚህ ከክፍሉ ሳትወጡ የክሩን ዓይነትና የሚወጣበትን ቀን በካርዱ ላይ አስጽፉ። አዚትሮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ 1 ግራም ባንድ ጊዜ እንደሚሰጥም ጠይቁ፤ እዚሁ አገራችን በተደረገ ጥናት የፀጉሩን መመለስ በሲሶ ያህል ቀንሷል። ዓይናቸውን ጨፍነው ክፍተት ከቀረ ቆቡ ከልክ በላይ ዞሯል ማለት ነው፤ ይህን ቀጠሮ ሳትጠብቁ ዕለቱን መልሷቸው፣ ክሩ በጊዜው ከላላ ይስተካከላል። ቴትራሳይክሊን ቅባቱ ጧትና ማታ ነው። ቁስሉ እስኪጠግግ ከምድጃ ጭስ ይራቁ፤ እንጀራውን ሌላ ሰው ይጋግር።

ክሩ ወጣ ብላችሁ አትዘናጉ። ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ፣ ባይቆረቁራቸውም፣ እንደገና ይታዩ። ብርሃን ላይ ሁለቱን የቆብ ጫፎች በደንብ እዩ፤ ቅዱ አጭር ከሆነ ፀጉሩ የሚመለሰው በዚያ ነው። ከተመለሰ ጠባሳ ስላለው ሁለተኛው ሥራ ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ ለዘመቻ ቡድን አትስጧቸው፣ ወደ ዓይን ሐኪም እንዲላኩ ጠይቁ፣ እስኪጻፍላችሁም ከበሩ አትነሱ።