ግራጫ ብዬ የገዛሁት ሶፋ ቤት ሲገባ ሐምራዊ ሆነ

የመጀመሪያ ሶፋችንን የገዛሁት በ20 ደቂቃ ውስጥ ነው። ሱቅ ገባሁ፣ አየሁት፣ ንጹህ ደስ የሚል ግራጫ ነው፣ ሻጩም ግራጫ ከምንም ነገር ጋር ይሄዳል አለኝ፣ እኔም አምኜ ከፍዬ ወጣሁ። በማግስቱ መጥቶ ሳሎን ገብቶ የተጠቀለለበት ላስቲክ ሲነሳ ግን ደነገጥኩ። ሐምራዊ ነው። ደማቅ ሐምራዊ ማለቴ አይደለም፣ ግራጫው ውስጥ የሆነ ሐምራዊ ነገር አለ፣ አንዴ ካየሽው ደሞ መርሳት አትችይም። ሌላ ሶፋ ተሳስተው አመጡልኝ ብዬ ደረሰኙ ላይ ያለውን ኮድ ከሶፋው ጀርባ ካለው ጋር አስተያየሁት፣ ያው ራሱ ነው። ሱቁ ተመልሼ ሄድኩ፣ እዛ የቀረው ወንድሙ አሁንም ንጹህ ግራጫ ነው። ምንም ማለት አልቻልኩም፣ ተመለስኩ። እሱ ሶፋ ላይ 7 አመት ተቀመጥን።

ሶፋ እንደ ልብስ አይደለም እኮ፣ አልወደድኩትም ብለሽ ቁም ሳጥን ውስጥ አትከችውም፣ ጠዋት ስትነሺ አለ ማታ ስትገቢ አለ። ስለዚህ ባለፈው አመት ስፖንጁ ሰጥሞ መቀየር ግድ ሲሆንብን አዲስ ከመፈለጌ በፊት ያኛው ለምን እንደዛ እንደሆነ ማወቅ አለብኝ አልኩ፣ ካለዛ ያንኑ ስህተት በሌላ ቀለም ነው የምደግመው።

አንድ ቀን የሶፋውን አንድ ትራስ አነሳሁና ነጭ አንሶላ ላይ አስቀመጥኩት። ግራጫ። ግድግዳው ጋር አስጠጋሁት። ሐምራዊ። ልጄን ጠርቼ ምንም ሳልነግራት ይሄ ምን ቀለም ነው አልኳት፣ አንሶላው ላይ ሲሆን ግራጫ አለች ግድግዳው ጋር ሲሆን "ወይን ጠጅ መሰለ" አለች። ግድግዳችን ወደ ቢጫ የሚያደላ ክሬም ነው፣ ቢጫ ነገር ደሞ አጠገቡ ያለውን ግራጫ ወደ ተቃራኒው ማለትም ወደ ሐምራዊ ይገፋዋል፣ ጨርቁ ሳይቀየር አይናችን ነው የሚቀይረው። ይሄን ነገር ሳነብ ያገኘሁት ታሪክ በጣም ነው የገረመኝ። ሚሼል ዩጂን ሼቭረል የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1824 ፓሪስ ያለው የጎብላን ጨርቅ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ሃላፊ ሆኖ ይገባል፣ ሰዎች ደሞ ጥቁሩ ክር በደንብ አልጠቆረም ሰማያዊና ሐምራዊ ጨርቅ ላይ ሲገባ ደብዛዛ ነው እያሉ ያማርራሉ። እሱ ክሩን ከሌላ ቦታ ከመጣ ጥቁር ጋር ሲያወዳድር ምንም ጉድለት የለበትም፣ ችግሩ ክሩ አጠገብ ያሉት ቀለሞች ናቸው። ከዛ አመታት ሙሉ አጥንቶት በ1839 አሳተመው። እነዛ የሚያማርሩት ሰዎች ክሩን ሲወቅሱ ነበር፣ እኔም 7 አመት ሙሉ ሶፋውን ስወቅስ።

ሌላው መብራት ነው። ሱቆች ውስጥ ያለው መብራት አብዛኛውን ጊዜ ነጭና ጠንካራ ነው፣ ቤት ውስጥ ግን ብዙዎቻችን ቢጫውን ነው የምናበራው። የብርሃኑ ቀለም አምፖሉ ካርቶን ላይ ኬልቪን በሚባል መለኪያ ተጽፏል፣ 2700 ሲሆን ቢጫማ ሞቅ ያለ ነው፣ 4000 ነጭ ነው፣ 6500 ደሞ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ግራጫና ቤዥ የሚባሉት ቀለሞች ከብዙ ማቅለሚያ ተደባልቀው ስለሚሰሩ በአንዱ መብራት ልክ የሆኑት በሌላው ወደ ቀይ ወይ ወደ አረንጓዴ ሊያዘነብሉ ይችላሉ፣ ለዛ ነው "ግራጫ ከሁሉም ጋር ይሄዳል" የሚለውን አባባል አሁን ማልቀበለው። እንደውም ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው ግራጫ ነው ባይ ነኝ። አረንጓዴ ትንሽ ቢያዘነብልም አረንጓዴ ነው፣ ግራጫ ግን ትንሽ ካዘነበለ ሌላ ቀለም ሆነ ማለት ነው።

ይሄን ካወቅኩ በኋላ ሱቅ መሄድ አቆምኩና ቤቴን ማየት ጀመርኩ። ምን ይቀየራል ምን አይቀየርም? ወለሉ ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ እንጨት ነው፣ እሱን መቼም አንነካውም። መጋረጃው ይቀየራል። ግድግዳውን ስናወራ ባለቤቴ "ለምን ሶፋውን ለግድግዳው እንፈልጋለን፣ ሶፋውን እንምረጥና ግድግዳውን ለሱ እንቅባ እንጂ" አለ፣ እና ልክ ነበር፣ የግድግዳ ቀለም በፈለግሽው አይነት ይበጠበጣል የሶፋ ጨርቅ ግን ያለው ካታሎጉ ላይ ያለው ብቻ ነው። ጠባቡን መጀመሪያ መምረጥ ሰፊውን በኋላ። ይሄ አንድ ነገር ብቻውን ብዙ ጭንቀት ቀነሰልኝ።

ከዛ የራሴ ምርጫ ምንድነው የሚለው መጣ፣ ይሄኛው ነው ከሁሉም የከበደኝ። ስልኬ ላይ ወደ 80 የሚጠጋ የሳሎን ፎቶ ሴቭ አድርጌ ነበር አብዛኛው ነጭና ክሬም ሶፋ ነው፣ ስለዚህ ነጭ ነው የምወደው ብዬ ደምድሜ ነበር። እህቴ ቤት መጥታ ፎቶዎቹን ሳሳያት "አንቺ መቼ ነጭ ለብሰሽ ታውቂያለሽ?" አለችኝ። እውነቷን ነው። ቁም ሳጥኔን ከፈትኩት፣ አረንጓዴ፣ ቡኒ፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ደሞ አረንጓዴ። አመታት ለብሼው ያልሰለቸኝ ሹራብ የወይራ ቅጠል አይነት አረንጓዴ ነው፣ ቦርሳዬም ወደዛ ነው፣ የመኝታ ቤት ብርድልብሱም። ማንም ምረጪ ሳይለኝ ስመርጠው የኖርኩት ቀለም አይኔ ስር ነበር። ፎቶዎቹን ለሁለት ሳምንት ሳላያቸው ቆይቼ ድጋሚ ስከፍታቸው ደሞ ሌላ ነገር ገባኝ፣ የወደድኩት ሶፋዎቹን አልነበረም፣ መስኮቶቹን ነው። ሁሉም ፎቶ ላይ ከወለል እስከ ጣራ የሚደርስ መስኮት አለ ብርሃኑ ቤቱን ሞልቶታል፣ የኔ ሳሎን ደሞ አንድ መስኮት ነው ያለው እሱም ጠዋት ብቻ ነው ፀሀይ የሚገባበት። ነጭ ሶፋ ብገዛ ብርሃኑ አብሮ አይመጣም። በብዛት ብርሃን የማይገባበት ክፍል ውስጥ ነጭ ጨርቅ ከሰአት ሲሆን አመድማ ይሆናል፣ ይሄን በአንሶላም አይቼዋለሁ።

ሙከራውን እንደዚህ አደረግኩ። መጀመሪያ 9 ትንንሽ ሳምፕል ሰበሰብኩ፣ ግን የክብሪት ቀፎ የምታክል ጨርቅ ብዙም አትረዳም፣ ምክንያቱም ቀለም ሰፊ ቦታ ላይ ሲሆን ይበረታል፣ በትንሿ ለስለስ ያለው ሶፋ ሙሉ ሲሆን ይጮሃል። ከ9ኙ 3ቱን መረጥኩና ከእያንዳንዱ ግማሽ ሜትር ገዛሁ። ብክነት ነው ያለኝ ሰው ነበር፣ እኔ ግን ከጠቅላላው ወጪ የተሻለው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ሶስቱ ጡብማ ቀይ፣ ጥቁር ሰማያዊና የወይራ አረንጓዴ ነበሩ። አሮጌው ሶፋ ላይ ደረብኳቸው፣ ግማሹ መደገፊያው ላይ ግማሹ መቀመጫው ላይ፣ ምክንያቱም የተጋደመው ከላይ ብርሃን ስለሚያገኝ የቆመው ሁልጊዜ ጠቆር ብሎ ነው የሚታየው። ከዛ ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ መብራት በርቶ፣ ደመና ሲሆንም አየኋቸው። ስልክ ካሜራ ለቀለም አትመኚ፣ በራሱ ነጩን ስለሚያስተካክል ይዋሻል፣ ለአንድ ነገር ግን ጠቀመኝ፣ ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አድርገሽ ስታዪው ብርሃንና ጥቁረቱ ብቻ ይቀራል። ጡብማውን እንደዛ ሳየው ከወለሉ መለየት አቃተኝ፣ ሁለቱ አንድ ሆኑ፣ ሶፋው ወለሉ ውስጥ ሰጠመ። በጣም ወድጄው ነበር ግን ወጣ።

ጥቁር ሰማያዊውን ያስወጣው ደሞ የቤታችን ኑሮ ነው። ድመት አለችን ቀለሟ ነጭ ነው፣ በሶስት ቀን ጨርቁ ላይ ጸጉሯ ከሩቅ ይታይ ነበር፣ ብናኙም እንደዛው። ብዙ ሰው ጥቁር ቀለም ቆሻሻ ይደብቃል ይላል፣ የሚደብቀው የፈሰሰ ነገር ነው እንጂ አቧራና ጸጉርማ ያጋልጣል። ነጣ ያለው ደሞ ተቃራኒው ነው፣ በተለይ ጂንስ ለባሽ ቤት ከሆነ፣ የጂንስ ሰማያዊ ማቅለሚያ ክሩ ላይ በደንብ ስለማይጣበቅ ሲታሽ ወደ ሶፋው ያልፋል። መሃል ላይ ያለ ቀለም፣ እሱም ሁለት ሶስት አይነት ክር ተደባልቆ የተሸመነ ከሆነ፣ ሁለቱንም ይችላል። ከፋይም (ቬልቬት የሚሉት) አስቤ ነበር ያምራል ግን የጨርቁ ጸጉር በተኛበት አቅጣጫ ቀለሙ ይቀያየራል፣ አንዱ ጋር ነጣ ብሎ አንዱ ጋር ይጠቁራል፣ የሚወድ አለ፣ እኔን ግን ከ7 አመት ሐምራዊ በኋላ የሚቀያየር ነገር ሰልችቶኛል።

ስለዚህ አረንጓዴው ቀረ። ግን ግማሽ ሜትር አይቼ አልወሰንኩም፣ ጥቁር አረንጓዴ አንሶላ ነበረኝ ሶፋውን ሙሉ በሙሉ ሸፈንኩትና 10 ቀን ኖርንበት። ይሄንን ለማንም ሰው የምመክረው ነው። መጀመሪያዎቹ ቀናት አዲስ ስለሆነ ደስ ይላል፣ እውነተኛው ስሜት የሚመጣው ሳታስቢው ስትገቢ ነው። በስድስተኛው ቀን ይመስለኛል ደክሞኝ ገብቼ አረፍ ስል ቤቱ ጸጥ ያለ ሆኖ ተሰማኝ፣ አረንጓዴ እንደሆነ ያኔ አወቅኩ። ግን አንሶላው በጣም ጥቁር ስለነበረ መስኮት የሌለበትን ጥግ ዋጠው፣ ስለዚህ ሳዝ እሱ ሳይሆን ሁለት ደረጃ ነጣ ያለውን አዘዝኩ። ወለሉ ቀያማ ስለሆነ ደሞ የቀይ ተቃራኒ የሆነው አረንጓዴ አጠገቡ ሲሆን ሁለቱም ደመቁ፣ ሼቭረል ያለው ነገር በዚህ ጊዜ ለኔ ሰራልኝ።

ከማዘዜ በፊት ሻጩን የጠየቅኩት ነገር አለ፣ ቀለሙ ፀሀይ ምን ያህል ይችላል? ለዚህ ከ1 እስከ 8 የሚሄድ መለኪያ አለ፣ ቁጥሩ ከፍ ሲል ቀለሙ ይቆያል፣ የኔ ጨርቅ 5 ነው። መስኮት ዝግ ነው ብላችሁ እንዳትተማመኑ፣ መስታወት የፀሀይን ጨረር ሁሉንም አያስቀርም፣ የአሮጌው ሶፋ የመስኮት በኩል ክንድ ነጥቶ ነበር። ሌላው ደሞ የሶፋውን ሁሉንም ክፍል በአንድ ጊዜ እዘዙ፣ ባለሁለቱን አሁን ባለአንዱን በኋላ ካላችሁ ከሌላ ዙር ማቅለሚያ የወጣ ጨርቅ ሊመጣ ይችላል፣ ኮዱ አንድ ሆኖ ትንሽ ይለያል ጎን ለጎን ሲሆን ያስታውቃል። እኔ አንድ ሜትር ትርፍም አስቀምጫለሁ ለመጠገኛ።

ያላሰብኩት ነገር መብራቱ ነው። ሶፋው መጥቶ ቀን ቀን እጅግ ቆንጆ፣ ማታ ግን ቡኒ ሆነብኝ፣ ልቤ ቀጥ አለ። ግማሽ ሜትሯን ማታ ሳያት ባለቤቴ የሚያነብበትን ነጭ መብራት አብርቼ እንደነበር በኋላ ትዝ አለኝ፣ ዋናው አምፖል ደሞ 2700 ነው። ወደ 3000 ቀየርኩትና ቀለም በትክክል የማሳየት ቁጥሩ ማለትም ሲ አር አይ የሚባለው ከ90 በላይ የሆነ ገዛሁ፣ አረንጓዴው ተመለሰ። ጨርቅ ስትሞክሩ ማታ በምታበሩት መብራት ብቻ ሞክሩ፣ ሌላውን አጥፉት። ግድግዳውን ከአንድ ወር በኋላ ነው የቀባነው፣ ቢጫነቱ የጠፋ ነጣ ያለ ቀለም፣ ሶፋው ፊት ትልልቅ ናሙና ቀብተን እያየን መረጥን።

አሮጌውን ሶፋ አልጣልነውም። ስፖንጁን አስቀይረን ባለቤቴ የሚሰራበት ክፍል አስገባነው፣ እዛ ግድግዳው ነጭ ነው መብራቱም ነጭ። ገፍተን አስገብተን ቀና ስል ንጹህ ግራጫ ሆኖ ቆሟል፣ ልክ የዛን ቀን ሱቅ ውስጥ እንዳየሁት።